አሮጌ የቤዝቦል ካርድ ኦንላይን ስትገዙ ፎርጅዱን እንዴት ትለያላችሁ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ልጆቻችሁ ቤዝቦል ሲጀምሩ ካርዱም አብሮ ቤት ይገባል። ከያርድ ሴል ዕቃ እየገዛችሁ ኦንላይን የምትሸጡም አንድ ቀን አሮጌ ካርድ እጃችሁ ላይ መውደቁ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ ለመመለስ የሞከርኩት ከ1900ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ስለወጡት አሮጌ ካርዶች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ። ውዱን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ከዚያው ዓመትና ከዚያው ኩባንያ አንድ ርካሽ ኦሪጅናል ካርድ ግዙ። የቀረው ምክር ሁሉ የሚሠራው ያ ርካሽ ካርድ እጃችሁ ላይ ካለ ነው።

ለአንድ ቁራጭ ካርቶን ማን ይደክማል? ለምንስ ይፎረጃል?

ገንዘቡ ብዙ ነው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያወጣው የቤዝቦል ኮከቡ የሚኪ ማንትል ካርድ በኦገስት 2022 በሄሪቴጅ ኦክሽንስ ጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዚያው ወር የድሮው ተጫዋች የሆነስ ዋግነር አንድ ካርድ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር እጅ ለውጧል። እነዚህ የጣሪያ ዋጋዎች ናቸው። ግን የተጨማደደና ማዕዘኑ ያለቀ የ1952 ማንትል እንኳ የሚጠራው በአስር ሺዎች ዶላር ነው።

የማንትልን ካርድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሻጮች እየደጋገሙ ይጠቀሙበታልና። ቶፕስ የብሩክሊን የማስቲካ ኩባንያ ነበር። የ1952ቱ ስብስብ 407 ካርዶች አሉት። የማንትል ቁጥር 311 ነው፤ የመጨረሻው ዙር የሚጀምረው በእሱ ነው። ይህ ዙር ገበያ የወጣው የቤዝቦል ወቅት ሊያልቅ ሲል ነበር። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ አሜሪካን ፉትቦል አዙረዋል። ካርዱ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ቀረ። በ1960 የኩባንያው ሰው ሲ በርገር የተረፈውን በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እንዳስደፋው ራሱ ተርኳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለዓመታት ማንም ያልነካው የ1952 ካርድ ክምችት ተገኘ። 12.6 ሚሊዮን ያወጣው ካርድ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ «ከአያቴ ጣሪያ ሥር ተገኘ» የሚለው ወሬ አንዴ እውነት ሆኖ ያውቃል። ፎርጅድ ሻጮች የሚያርሱት ይህንኑ መሬት ነው።

የትኞቹን ካርዶች በተለይ ልጠንቀቅ?

የታወቀ ስም ያለበትን ሁሉ። በተግባር ግን ዝርዝሩ አጭር ነው። የ1952 ቶፕስ ማንትል አለ። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር የወጣው፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሉት ስብስብ ውስጥ ዋግነርና ታይ ኮብ አሉ። የቦስተኑ ጉዲ የማስቲካ ኩባንያ በ1933 ያወጣቸው አራት የቤብ ሩት ካርዶች አሉ፤ ቁጥራቸው 53፣ 144፣ 149 እና 181 ነው። የጃኪ ሮቢንሰን የመጀመሪያ ዓመታት ካርዶች፣ የ1954 ሃንክ አሮን፣ የ1955 ሮቤርቶ ክሌመንቴ፣ የ1963 ፒት ሮዝ፣ የ1968 ኖላን ራያን ይከተላሉ።

በተቃራኒው ስሙን ማንም የማያስታውሰውን ተጫዋች ለይቶ የሚፎርጅ የለም ማለት ይቻላል። አያዋጣም። ርካሹን ካርድ መጀመሪያ ግዙ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሪፕሪንት ሁሉ ፎርጅድ ነው? ሕገወጥስ ነው?

አይደለም። ሪፕሪንት ማለት ኮፒ መሆኑን ሳይደብቅ የታተመ ካርድ ነው። ቶፕስ ራሱ በ1983 የ1952ቱን ስብስብ እንደገና አትሞ ሸጧል። ጀርባው ላይ ሪፕሪንት መሆኑ ተጽፏል። መጠኑም ከድሮው ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን በጥቂት ዶላር ገዝቶ ግድግዳ ላይ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

ችግሩ ካርዱ ሁለተኛ ሰው እጅ ሲገባ ይጀምራል። አንዱ «ሪፕሪንት» የሚለውን ቃል ይፍቀዋል። ሌላው ማዕዘኑን ያሻሸዋል። ሦስተኛው ኦሪጅናል ብሎ ይለጥፈዋል። ይሄ ማጭበርበር ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ያስጠይቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አንድ ነገር አለ። በ1973 የወጣው የሰብሳቢዎች መጠበቂያ ሕግ አስመስለው የተሠሩ ሳንቲሞችና የፖለቲካ ምርጫ ዕቃዎች ላይ ምልክት እንዲደረግ ያስገድዳል። የስፖርት ካርዶችን ግን አይነካም። ስለዚህ «ኮፒ የሚል ምልክት የለውም፤ ኦሪጅናል ይሆናል» ብላችሁ አታስቡ።

ጀርባው ላይ የድሮ ዓመት ተጽፏል። አይበቃም?

አይበቃም። ኮፒ የሚያደርግ ሰው ዓመቱንም አብሮ ነው ኮፒ የሚያደርገው። ማርትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው 1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያንኑ ዓመት እንደያዘ ተመትቷል። በዚያ ላይ ብዙ አሮጌ ካርዶች ዓመት ጨርሶ የላቸውም።

ፎቶውን ብቻ አይቼ ማወቅ እችላለሁ?

ኦሪጅናል መሆኑን በፎቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ፎርጅድ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ በፎቶ መያዝ ይቻላል። ይህን ልዩነት አስቡበት። ፎቶ ጥሩ የሚሆነው ለመጣል ነው እንጂ ለማመን አይደለም።

መጀመሪያ ቅርጹን እዩ። ዛሬ የለመድነው 2.5 በ3.5 ኢንች የሆነው መጠን ቶፕስ ዘንድ የጀመረው በ1957 ነው። የ1952 ቶፕስ ከዚያ ይበልጣል፤ 2 ከ5/8 በ3 ከ3/4 ኢንች ነው። የ1933 ጉዲ ወደ ካሬ የሚጠጋ፣ 2 ከ3/8 በ2 ከ7/8 ኢንች ነው። ቲ206 ትንሽዬ ናት፤ 1 ከ7/16 በ2 ከ5/8 ኢንች። የ1952 ማንትል ለዛሬ ካርድ በተሠራ ተራ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ልክክ ብሎ ከገባ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ጊዜ ሳታጠፉ እለፉት።

ቀጥሎ እጥፋቶቹን እዩ። ፎርጅድ ሠሪው ስካን ያደረገው ያረጀ ካርድ ከሆነ እጥፋቱም፣ እድፉም፣ የተላጠው ቦታም አብሮ ይታተማል። ካርዱ ላይ ጭረት ይታያል፤ ብርሃኑ ግን በጭረቱ ላይ አይሰበርም። ስለዚህ ሻጩን ካርዱን አጋድሎ፣ ከጎን መብራት አብርቶ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት። እውነተኛ እጥፋት ጥላ ይጥላል። አንድ ዓይነት እድፍና እጥፋት ያለበት «ኦሪጅናል» በሁለት የተለያዩ ሻጮች ገጽ ላይ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። የአራቱን ማዕዘን በቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ካርዱ አጠገብ የዛሬ ቀንና የሻጩ ስም በእጅ የተጻፈበት ወረቀት አስቀምጦ እንዲያነሳም ጠይቁ። ካርዱ እጁ ላይ ያለ ሰው ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ካርዱ በአራት ብሎን በታሰረ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነና ሻጩ አላወጣም ካለ ጠርዙን ማየት አትችሉም። ጠርዝ ያልታየበት ካርድ ላይ ትልቅ ገንዘብ አታውጡ።

ካርዱ ቤቴ ደረሰ። ከምን ልጀምር?

ከዚያ ርካሽ ካርድ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አነባብሯቸውና መጠናቸውን አስተያዩ። በማስመሪያ ከመለካት ይህ ይቀላል። ግን በድሮ ዘመን አቆራረጡ ራሱ ትንሽ ስለሚለያይ ጸጉር በምታህል ልዩነት አትደንግጡ። በግልጽ ያነሰ ከሆነ ወይ ሪፕሪንት ነው ወይ ጠርዙ ተከርክሟል።

ከዚያ ወረቀቱን እዩ። አሮጌ ካርድ የተሠራው ከወፍራምና ከሸካራ ካርቶን ነው። ነጭ የነበረው ወደ ክሬም ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። ጠርዙን ስታዩ የወረቀቱ ውስጥ ይታያል፤ የዛሬ የሚያብለጨልጭ ነጭ ወረቀት ከሆነ ወዲያው ይለያል። ሁለቱንም ካርዶች በየተራ ከጠንካራ የእጅ ባትሪ ፊት ያዟቸው። ብርሃኑ በአንደኛው በኩል በጣም ካለፈ፣ በሌላኛው ካላለፈ፣ ወረቀቱ አንድ አይደለም። በ1980ዎቹ የወጡ የፒት ሮዝ ፎርጅዶች ወረቀታቸው ሳስቶ በዚህ ዘዴ ተይዘዋል።

አደራ፣ ጥንካሬውን ለመፈተን ብላችሁ ካርዱን እንዳታጥፉት። ኦሪጅናል ከነበረ ዋጋውን በገዛ እጃችሁ ገደላችሁት።

አጉሊ መነጽር ያስፈልገኛል? ምንድን ነው የማየው?

ያስፈልጋችኋል። ጌጣጌጥ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አስር ጊዜ የሚያጎላው በቂ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ለእኔ ከዘዴዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

የድሮ ካርድ ሥዕሉ የተሠራው ከጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ነው። በዓይን አንድ ቀለም የሚመስለው ፊት በመነጽር ሲታይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነጥቦች ሆኖ ይበተናል። ይህ ጤናማ ነው። ፊደሎቹና ቀጫጭን መስመሮቹ ግን በነጠብጣብ አልተሠሩም። ማተሚያው ለብቻቸው ሙሉ ቀለም አድርጎ ነው ያሳረፋቸው። በመነጽር ስታዩት የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ያለ፣ ውስጡም ሳይቆራረጥ የተሞላ ነው።

ፎርጅድ ሠሪው የድሮው ማተሚያ የለውም። ያለው ስካነር ነው። ለስካነር ደግሞ ፊደልም ሥዕልም አንድ ነው፤ ሁሉንም እንደ ፎቶ ያነሳዋል። መልሶ ሲያትመው ጥቁሩ ፊደል ራሱ ከነጠብጣብ ተሠርቶ ይወጣል። ጠርዙ ይሻክራል። ጥቁር መሆን የነበረበት መስመር ውስጥ ሰማያዊና ሮዝ ነጥብ ታያላችሁ። የ1952 ማንትል ላይ ስሙ በተጻፈበት ሣጥን ዙሪያ ያሉትን መስመሮች እዩ። ቲ206 ላይ ከታች በቡናማ ቀለም የተጻፈውን የተጫዋቹን ስም እዩ፤ ወጥ ቡናማ መሆን አለበት። የ1963 ሮዝ ካርድ ላይ አራት ተጫዋቾች በክብ በክብ ተደርድረዋል፤ የስሞቻቸውን ፊደላት እዩ።

ጎበዝ የሆነው ፎርጅድ ሠሪ ይህን ያውቃል። ጽሑፉን እንደ አዲስ ጽፎ በወጥ ቀለም ያትመዋል። ያን ጊዜ ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። ነጠብጣብ የነበረውን ነገር ስካን አድርጎ እንደገና በነጠብጣብ ሲያትመው አንዱ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ፊቱ ይደበዝዛል፤ ጥላ የነበረው ቦታ ይጠቁራል፤ አንዳንዴ ማዕበል የመሰለ መስመር ይፈጠራል። የቤት ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ ነጠብጣቡ ሥርዓት የለውም፤ የተረጨ ይመስላል። ርካሹን ካርድ አጠገቡ አድርጋችሁ መነጽሩን ከአንዱ ወደ አንዱ ስታዘዋውሩ ልዩነቱን ባለሙያ ሳትሆኑም ታዩታላችሁ።

ሐምራዊ መብራት ስለሚባለው ሰምቻለሁ። ይሠራል?

በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል። አልትራቫዮሌት መብራት ማለታችሁ ነው። ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመሩ ኬሚካሎች መስፋፋት የጀመሩት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እነዚህ ያሉበት ወረቀት ጨለማ ክፍል ውስጥ በዚህ መብራት ሲታይ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይቦግጋል። ስለዚህ የ1910 ወይም የ1933 ካርድ ነው የተባለው እንደ አምፖል ካበራ ነገሩ አብቅቷል።

ካላበራ ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም። ፎርጅድ ሠሪው ኬሚካል የሌለበት ወረቀት ፈልጎ ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ለ1950ዎቹና ለ1960ዎቹ ካርዶች ደግሞ በጭፍን አትፍረዱ፤ ከዚያው ዓመት ርካሽ ካርድ ጋር አብራችሁ አብሩባቸው።

በጣም ያረጀ ይመስላል። ማርጀት ማስመሰል ይቻላል እንዴ?

ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ይነከራል። ምድጃ ውስጥ ይሞቃል። ማዕዘኑ በአሸዋ ወረቀት ይታሻል።

እውነተኛ እርጅና ግን ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ማዕዘን ከሌላው ይበልጥ ያልቃል። ፊቱ ከጀርባው ይለያል። ለሰባ ዓመት እጅ የነካው ጠርዝ ላይ እድፉ ቃጫው ውስጥ ገብቷል። ሰው ሠራሹ ላይ አራቱንም ማዕዘን በእኩል ክብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቡናማው ቀለም ሙሉ ካርዱን በአንድ ልክ ይሸፍናል፤ የተላጠው ቦታ ሥር የሚታየው ወረቀት ደግሞ ነጭ ፍንትው ያለ ነው። አሽቱትም። አዲስ የቀለም ሽታ ወይም ቡና ከሸተተ ምን ትጠብቃላችሁ?

ቲ206 ለብቻው የሚጠየቅበት ነገር አለ?

አለ፤ ጀርባው። ጀርባቸው ላይ የሲጋራ ማስታወቂያ አለ፤ ፒድሞንት፣ ስዊት ካፖራል፣ ኦልድ ሚል፣ ፖላር ቤር እና ሌሎችም። አንዳንዱ ጀርባ በጣም ብርቅ ስለሆነ ካርዱን ከፊቱ ይበልጥ ያስወድደዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ኦሪጅናል ካርዶችን በስሱ ሰንጥቀው የአንዱን ፊት ከሌላው ጀርባ የሚያጣብቁ አሉ። ወረቀቱም ቀለሙም እውነተኛ ስለሆነ በመነጽር ነጠብጣብ ብቻ ማየት አያዋጣም። ጠርዙን በደንብ አጉልታችሁ የሙጫ መስመር ፈልጉ። ውፍረቱንም ከሌላ ቲ206 ጋር አስተያዩ።

ዋግነርን በተመለከተ የሚታወቁት ካርዶች ከ50 እስከ 60 ቢሆኑ ነው። የተገኙትም በፒድሞንትና በስዊት ካፖራል ጀርባ ብቻ ነው። ሌላ ጀርባ ያለው ዋግነር ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ። በእነዚህ በሁለቱ ጀርባ ያለውንም ቢሆን ከማታውቁት ሰው ገጽ ላይ በጥቂት መቶ ዶላር ካገኛችሁት መልሱ ያው ነው።

በፕላስቲክ ታሽጎ ደረጃና ቁጥር ያለው ካርድስ? እሱ አስተማማኝ አይደለም?

ካልታሸገው ይሻላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትገዙት ግን አይደለም።

ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ እና ቤኬት የመሳሰሉ ድርጅቶች ካርዱን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። እያንዳንዱ ካርድ የምስክር ቁጥር አለው። ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ የየትኛው ካርድ እንደሆነና ስንት እንደተሰጠው ይነግራችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ስህተቱ ይሄ ነው። ፎርጅድ ሠሪው ቁጥር አይፈጥርም፤ ኦንላይን ፎቶው ከተለጠፈ እውነተኛ ካርድ ላይ ይወስደዋል። ቁጥሩ ትክክል ይሆናል፤ ካርዱ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ምስል ማስተያየት አለባችሁ። ድርጅቱ የካርዱን ፎቶ ካስቀመጠ አውጡት። ካልሆነ ያ ቁጥር ያለፈ ጨረታ ላይ ቀርቦ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ የነጩን ዳር ስፋት በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች አስተያዩ። ትንሽ የቀለም ጠብታ፣ የተጫረ ቦታ፣ የተለየ ማዕዘን ፈልጉ። ሁለት አሮጌ ካርዶች በዚህ ሁሉ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ፕላስቲኩንም ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ሙጫ፣ የመከፈት ጭረት ወይም ነጣ ያለ ቦታ ካለ ተከፍቶ ካርዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ከባድ መሆኑን የሚያሳየው በ2024 የኒውዮርክ ደቡባዊ ዲስትሪክት ፌደራል ዐቃቤ ሕግ የመሠረተው ክስ ነው። ሁለት የዋሽንግተን ግዛት ሰዎች በሐሰተኛ የደረጃ ምስክር ካርዶችን በመሸጥ ገዢዎችን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማጭበርበር ተንቀሳቅሰዋል ተብለው ተከሰዋል።

ደረጃ ሰጪዎቹም ይሳሳታሉ። ፒኤስኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ የሰጠው ካርድ አንድ የዋግነር ቲ206 ነበር፤ ከ10 8 ሰጠው። የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ከሸሪኩ ጋር በ1991 ሶዝቢስ ጨረታ ላይ 451 ሺህ ዶላር የገዛው ካርድ ነው። በ2013 አጫራቹ ቢል ማስትሮ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን ሲያምን ያንን ካርድ ጠርዙን እንደከረከመው ተናገረ። ካርዱ ፎርጅድ አይደለም። ግን የተነካካ ነው፤ የዓለም ዝነኛው ካርድ ሆኖ ሳለ ለዓመታት በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ሲከበር ኖሯል። መከርከም፣ ማዕዘን መጠገን፣ የደበዘዘ ቀለም መቀባት ሁሉ ሻጩ ካልተናገረው ማታለል ነው።

የሻጩን ጽሑፍ ሳነብ ምን ያስጠርጥረኝ?

«ስለ ካርድ ምንም አላውቅም፤ ፎቶውን አይታችሁ ራሳችሁ ወስኑ» የሚል። ስለ ካርድ የማያውቅ ሰው ማንትል የሚለውን ስም አግኝቶ ጉግል ሳያደርግ ለሽያጭ አያቀርብም። «መመለስ አይቻልም» የሚል። በርዕሱ መጨረሻ «አርፒ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፤ ሪፕሪንት ማለት ነው፤ ሆን ተብሎ እንዳታዩት ተደርጎ ነው የሚጻፈው። የሻጩ ሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ዋግነር፣ ሩት፣ ማንትል ብቻ ከሆኑ። እውነተኛ የቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ኮከቦች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዛው የማይታወቅ ተጫዋች ነው።

ዋጋውንም እዩ። የመነሻ ዋጋን ሳይሆን ተሸጠው ያለቁትን ፈልጉ፤ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። አሥር ሺህ የሚያወጣን ነገር በአራት መቶ የሚሰጣችሁ ዘመድ እንኳ የለም።

በምን ልክፈል?

ገንዘቡን ማስመለስ በሚቻልበት መንገድ። ክሬዲት ካርድ ጥሩ ነው። ፔይፓል ለዕቃ ግዢ በሚለው መንገድ ከከፈላችሁ በ180 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ። «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው ከላካችሁ ግን ጥበቃ የለም። ሻጩ ኮሚሽን ለመቀነስ ብሎ በዚያ እንድትልኩ ከለመናችሁ ተዉት። ዜል፣ የስጦታ ካርድና ክሪፕቶ ለማታውቁት ሰው አይላክም። ከጀመራችሁበት መድረክ ውጡና በዋትስአፕ እንነጋገር ሲላችሁም ጨዋታው እዚያው ያብቃ።

ፎርጅድ ሸጠውልኛል። አሁን ምን ላድርግ?

ሳትዘገዩ ፎቶ አንሱ፤ ፖስታውን፣ ማሸጊያውን፣ ካርዱን በፊትና በጀርባ። የሽያጭ ገጹ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት ያዙ። ከዚያ ለሻጩ በመድረኩ የመልእክት ሳጥን ውስጥ በጨዋ ቋንቋ ጻፉ። ስድብ አትጻፉ፤ ያንን መልእክት ነገ የሚያነበው ቅሬታችሁን የሚዳኘው ሰው ነው። ኢቤይ ላይ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው። ካለፈ ወደ ባንካችሁ ሂዱ።

ካርዱ ፎርጅድ መሆኑን የሚያሳይ የባለሙያ ጽሑፍ ካገኛችሁ ጉዳዩ ይቀላል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ገጽ አለ። ካርዱ በአሜሪካ ፖስታ ከመጣ የፖስታ መርማሪዎችም ይቀበላሉ። ብዙ ወገኖቻችን እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ወይም አፍረው ዝም ይላሉ። ማፈር ያለበት የሸጠው ነው። ቅጹን ልጃችሁ ወይም ጎረቤት ሊሞላላችሁ ይችላል።

ካርዱን ደግሞ ኪሳራ ለማካካስ ብላችሁ ለሌላ ሰው አትሽጡ። እያወቃችሁ ከሸጣችሁት ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ለሻጩ መመለስ ካልተጠየቃችሁ ጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም «ኮፒ» ብላችሁ ጻፉበት።

ለልጄ ልደት አሮጌ ካርድ መስጠት ፈልጌ ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ አለብኝ?

የለባችሁም። ትልቅ ስም አትፈልጉ። የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ ተራ የቶፕስ ካርድ በአንድ ሁለት ዶላር ይገኛል፤ ልጁ ከሚደግፈው ቡድን ምረጡለት። ልጁ የግድ ማንትልን ከፈለገ ሪፕሪንት ነው ተብሎ በግልጽ የሚሸጠውን ግዙና ሪፕሪንት መሆኑን ንገሩት። ከዕቃው ጋር ትንሿን አጉሊ መነጽር ጨምሩለት። ሁለቱን ካርዶች አስተያይቶ ልዩነቱን ራሱ ያግኘው። በአራት ማዕዘን የላስቲክ ከረጢት ያስቀምጣቸው፤ በሚለጠጥ የጎማ ማሰሪያ አይሰራቸው፤ ጠርዙን ይበላዋል።